«ከገባው የበለጠ ወጣ» ሲባል፣ ገባ የተባለው የት ላይ ተቆጠረ?

ጽሑፉ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ሻይ ይዛችሁ ተቀመጡ።

ሰሞኑን በስልክ እየተቀባበላችሁት ስላለው ቪዲዮ ላወራችሁ ነው። «ሳይንቲስቶች ፀሐይን ምድር ላይ ሠሩ፤ ከገባው ኃይል የበለጠ ወጣ፤ ከእንግዲህ መብራት በነፃ ነው» ይላል። ወዲያው ደግሞ ሌላ ሰው ብቅ ብሎ ማግኔት የተለጠፈበት ጎማ እያሽከረከረ «ይኸው፣ ቤታችሁም ይሠራል» ይላል። ሁለቱን ማን እንዳጣበቃቸው አላህ ይወቅ። እዚህ ጋዝጊብላ ግን ነገሩ ከቪዲዮ አልፎ ኪስ ውስጥ ገብቶ ነበር። የጀመዓችን ልጆች ያለ ነዳጅ ራሱን በራሱ የሚያሽከረክር «የማግኔት ጄኔሬተር» ለመስጂዱ ለማስመጣት ብር ማዋጣት ጀምረው ነበር። ሻጩ በስልክ ብቻ የሚገኝ ሰው ነው፤ «ግማሹን አስቀድማችሁ ላኩ» ብሏል።

በልጆቹ አልፈርድም። በጦርነቱ ዓመታት ዋግ ኽምራ መብራት አጥቶ እንዴት እንደከረመ የዚህ አገር ሰው ያውቀዋል። እህል ለማስፈጨት ናፍጣ፣ ስልክ ቻርጅ ለማድረግ ብር፣ አዛኑን በድምፅ ማጉያ ለማሰማት ጄኔሬተር። የመስጂዳችንን የነዳጅ ደብተር የምይዘው እኔ ስለሆንኩ፣ አንድ ጀሪካን ቤንዚን ስንት አዛን እንደሚያወጣ በቃሌ እነግራችኋለሁ። እንዲህ ሆኖ ያደገ ወጣት «ነዳጅ የማይጠጣ ጄኔሬተር» ሲባል ልቡ ቢሸፍት ምን ይገርማል?

ልጆቹ እኔ ዘንድ የመጡት ከጁምዓ በኋላ መዋጮውን ለጀመዓው እንዳስታውቅላቸው ነው። «ኡስታዝ፣ ሳይንሱም አረጋግጦታል እኮ» አለኝ አንደኛው። እኔ ያደግኩት በመድረሳ ነው፤ ነህው፣ ፊቅህ፣ ፈራኢድ። ፈራኢድ የተማረ ሰው አንድ ልማድ ይይዛል፤ ድርሻ ከመነገሩ በፊት «ከምኑ ላይ?» ብሎ ይጠይቃል። ሟች መቶ ሺህ ብር ትቶ ሰማንያ ሺህ ብር ዕዳ ቢኖርበት ወራሾች መቶ ሺሁን አይካፈሉም። የመገነዣው ወጪ ይወጣል፣ ዕዳው ይከፈላል፣ ኑዛዜ ካለ ይታያል፤ ውርስ የሚባለው ከዚያ የተረፈው ነው። ስለዚህ ልጁን የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ገባ የተባለው ኃይል የተቆጠረው የት ላይ ነው?» ዝም አለ። መዋጮው አንድ ሳምንት ይቆይ ብለን ተስማማን። እኔም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ከሚያስተምር ወንድማችን ጋር ከዒሻ በኋላ እየተቀመጥኩ ነገሩን ከሥሩ ጠየቅኩት።

ፀሐይ የምታበራው የሃይድሮጅን እምብርቶች እየተዋሐዱ ሂሊየም ሲሆኑ በሚወጣው ኃይል ነው። ይህ ፊውዥን ይባላል። ዛሬ በዓለም ላይ ኤሌክትሪክ የሚሰጡት የኒውክሌር ማመንጫዎች በሙሉ ግን የሚሠሩት በተቃራኒው፣ ከባዱን አቶም በመሰንጠቅ ነው። አገራችን በመስከረም 2018 ከሩሲያው ሮሳቶም ጋር በኒውክሌር ማመንጫ ጉዳይ ሰነድ የተፈራረመችውም ስለ መሰንጠቁ ነው፤ እንዳታደባልቁት።

መዋሐድ ከመሰንጠቅ ይከብዳል። እምብርቶቹ ሁሉም ፖዘቲቭ ስለሆኑ ይገፋፋሉ፤ በኃይለኛ ፍጥነት ካልተጋጩ አይያያዙም። ለቅንጣት ፍጥነት ማለት ደግሞ ሙቀት ማለት ነው። የፀሐይ መሐል 15 ሚሊዮን ዲግሪ ያህል ነው፤ ለእሷ ይበቃታል፤ ምክንያቱም የገዛ ክብደቷ ጨምቆ ይይዝላታል፣ ጊዜም አላት። እኛ ያ ክብደት ስለሌለን በሙቀት እናካክሳለን፤ 150 ሚሊዮን ዲግሪ። በዚህ ሙቀት ኤሌክትሮኖቹ ከእምብርቶቹ ተላቅቀው ሁሉም ለየብቻው ይንቀለቀላል። ይህ ነው ፕላዝማ የሚባለው። አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ መብረቅ ፕላዝማ ነው፤ ብየዳ ቤት ዓይን የሚያጠፋው ብልጭታ ፕላዝማ ነው፤ በረጅሙ ነጭ የፍሎረሰንት አምፖል ውስጥ ያለውም ፕላዝማ ነው።

«150 ሚሊዮን ዲግሪ የሚችል ምን ድስት አለ?» ብዬ ጠየቅኩት። ወንድማችን ሳቀና የፍሎረሰንቱን አምፖል እንዳስብ ነገረኝ። በውስጡ ያሉት ኤሌክትሮኖች ከ10 ሺህ ዲግሪ በላይ ናቸው፤ መስታወቱን ግን በእጃችን እንነካዋለን፤ በጣም ስስ ስለሆኑ የሚያደርሱት ሙቀት ጥቂት ነው። በትልቁ ማሽን ውስጥም 840 ሜትር ኩብ በሚሆን ቦታ የሚገባው ነዳጅ ክብደቱ አንድ ግራም አይሞላም። ፕላዝማው ሲበጠበጥ ግድግዳ መጉዳቱ አይቀርም፤ ዋናው ስጋት ግን ሌላ ነው። ግድግዳውን ከነካ እሱ ራሱ ይበርዳል፤ ሥራውም ያበቃል። ስለዚህ ሳይነኩት መያዝ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ነው ማግኔት የሚመጣው፤ ማግኔትን ደግሞ እኛ የመስጂድ ሰዎች እናውቀዋለን። የቂብላ ኮምፓስ ኪሱ ውስጥ የሌለ መንገደኛ ጥቂት ነው። ከእኛ ወደ መካ ቂብላው ሰሜን ሆኖ ጥቂት ብቻ ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል፤ መርፌዋም የምድርን የማግኔት መስመር ተከትላ ታመለክተናለች። ያ የምድር ማግኔት እኛ አካባቢ ከ40 ሚሊዮንኛ ቴስላ አይበልጥም። ፕላዝማ የሚይዘው የትልቁ ማሽን ማግኔት 11.8 ቴስላ ይደርሳል፤ ኮምፓሳችንን ከሚያዞረው ወደ 300 ሺህ እጥፍ ማለት ነው።

አያያዙ እንዲህ ነው። ረጅም ሽቦ በሜዳ ላይ ተወጥሯል በሉ። ፍየሏ በአጭር ገመድ ታስራ፣ ገመዱ በቀለበት ሽቦው ላይ ይንሸራተታል። ፍየሏ በሽቦው ዙሪያ ትዞራለች፣ በሽቦው ርዝመት እንደልቧ ትሄዳለች፣ ከሽቦው ርቃ ግን አትሄድም። ሽቦው የማግኔቱ መስመር ነው፤ ፍየሏ ቻርጅ ያላት ቅንጣት። ችግሩ ሽቦው መጨረሻ ሲኖረው ነው፤ እዚያ ስትደርስ ታመልጣለች። መፍትሔው ሽቦውን አጥፎ ጫፍና ጫፉን መግጠም ነው፤ በመኪና ጎማ ውስጥ በሚነፋው ላስቲክ ቅርጽ። ያን ጊዜ መጨረሻ የለውም።

ግን አላለቀም። መስመሩ ሲጠማዘዝ ማግኔቱ በቀለበቱ ውስጠኛ በኩል ይበረታል፣ በውጪው ይላላል። ከዚህ የተነሣ ፖዘቲቮቹ ወደ ላይ ከሆነ ኔጌቲቮቹ ወደ ታች ይንሸራተታሉ፤ ሁለቱ ሲለያዩ መላው ፕላዝማ ወደ ውጭ ይገፋል። ይህን ለማስቀረት መስመሮቹ በቀለበቱ ዙሪያ ጥምጣም እንደሚጠመጠም መጠምዘዝ አለባቸው። አንዴ ላይ የነበረው ቅንጣት ዞሮ ታች ይሆናል፣ መንሸራተቱም ይጣፋል። በ1950 እና 1951 (እንደ ፈረንጆቹ) ሶቪየቶቹ ታምና ሳካሮቭ በፕላዝማው ውስጥ ራሱ ኤሌክትሪክ በማሳለፍ ለመጠምዘዝ አሰቡ፤ ቶካማክ የሚባለው ማሽን ከዚያ መጣ። በዚያው 1951 አሜሪካዊው ስፒትዘር ጥምዛዜውን በማግኔቶቹ ቅርጽ ለማምጣት አሰበ፤ የእሱ ስቴላሬተር ይባላል። ከ2015 ጀምሮ ጀርመን ግራይፍስቫልድ የሚሠራው ቬንደልሽታይን 7-ኤክስ የዚያ ዘር ነው። የማግኔቶቹን ፎቶ ብታዩ ተሳስቶ የተጣመመ ብረት ይመስላችኋል፤ እያንዳንዱ ጥምዝ ግን በኮምፒውተር የተሰላ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ፤ እኔን የያዘኝ ይኸ ነው።

መያዝ ሲባል ቅንጣቶቹን አጥሮ ማቆየት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ዋናው ሙቀቱን ማቆየት ነው። ቡና በፔርሙስ ብታስቀምጡ ሳትጨምሩበት ይቆያል፤ በክፍት ጀበና ከሆነ ግን እሳቱ ከሥሩ መንደድ አለበት። ፕላዝማም እንዲሁ፤ ፔርሙሱ በደንብ ካልያዘ ከሚወጣው ኃይል የበለጠ ለማሞቂያ እየከፈላችሁ ትኖራላችሁ። እንግሊዛዊው ጆን ላውሰን በ1950ዎቹ ልኩን አስቀመጠው። ሦስት ነገሮች አንድ ላይ ተባዝተው መስፈርት ማለፍ አለባቸው፤ የፕላዝማው ጥግግት፣ ሙቀቱ፣ እና ሙቀቱ ሳይፈስ የሚቆይበት ጊዜ። አንዱ ሲያንስ ሌላው ማካካስ አለበት።

ማግኔቱ ራሱስ ኃይል ይበላል? ማግኔት ቻርጅ ያለውን ቅንጣት አቅጣጫ ያስለውጠዋል እንጂ አያፈጥነውም፤ ስለዚህ በመያዙ ብቻ ለፕላዝማው የሚሰጠው ኃይል የለም። አጥር ላሙን ለማገድ ሣር እንደማይበላ ማለት ነው። ወጪው ያለው አጥሩን በመሥራትና በማቆም ላይ ነው። ማግኔቱ የመዳብ ጥቅል ከሆነ ኤሌክትሪኩ በሽቦው ውስጥ ሲሄድ ሽቦው ይግላል፤ ያ ሁሉ ሙቀት ብክነት ነው። እንግሊዝ አገር ኦክስፎርድ አጠገብ የነበረው ጄት የተባለው ቶካማክ መዳብ ነበር። በአንድ ሙከራ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋ ዋት ስለሚፈልግ ከመስመሩ ብቻ መውሰድ አልተቻለም፤ እያንዳንዳቸው 775 ቶን የሚመዝኑ ሁለት ግዙፍ ተሽከርካሪዎች ኃይል አጠራቅመው ለጥቂት ሰከንዶች ያፈሱለት ነበር።

ሌላው መንገድ ሱፐርኮንዳክተር ነው፤ ኤሌክትሪክ ያለ ምንም ብክነት የሚያሳልፍ። ግን የተለመደው ዓይነት ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ አካባቢ መቀዝቀዝ አለበት። እዚያ ቅዝቃዜ ላይ የገባችን አንዲት ዋት ሙቀት አውጥቶ ለመጣል እዚህ ከ200 ዋት በላይ ይከፈላል። 150 ሚሊዮን ዲግሪና ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ በጥቂት ሜትር ርቀት ጎን ለጎን! ሱብሃነሏህ።

ቁጥሮቹን እንያቸው። ጄት በ1997 ለፕላዝማው 24 ሜጋ ዋት ማሞቂያ ሰጥቶ 16 ሜጋ ዋት ፊውዥን አገኘ፤ ከገባው ሁለት ሦስተኛ ያህል። ሊዘጋ ሲል በ2023 ደግሞ ለአምስት ሰከንድ ያህል ሠርቶ በድምሩ 69 ሜጋ ጁል አወጣ፤ ክብረ ወሰን ተባለ። ብዙ ይመስላል፤ እኛ ቤት ብትመልሱት 19 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ለአምስት ሰዓት ያህል ይጋግራል። የበላው ነዳጅ ግን 0.2 ሚሊ ግራም ብቻ! ሁለቱንም ቁጥር አብራችሁ ያዙ፤ አንዱን ብቻ የያዘ ሰው ወይ ይስቃል ወይ ይታለላል።

ቪዲዮው ላይ «ከገባው የበለጠ ወጣ» የተባለውስ? እሱ በ2022 መጨረሻ ካሊፎርኒያ የተደረገው ነው፤ በማግኔት እንኳ አይደለም፣ በሌዘር ነው። ነዳጁ ላይ ያረፈው የሌዘር ብርሃን 2.05 ሜጋ ጁል፣ የወጣው 3.15። እውነት ነው፣ ትልቅ ሥራም ነው። ነገር ግን ያንን ብርሃን ለመሥራት ሌዘሮቹ ከመስመሩ የወሰዱት ወደ 300 ሜጋ ጁል ነበር። ዕዳው ሳይነሣ ውርስ ተካፈልን እንደማለት ነው። ሳይንቲስቶቹ አልዋሹም፤ የት ላይ እንደቆጠሩ ጽፈዋል። ያንን መስመር ቆርጦ የጣለው ቪዲዮውን ያቀናበረው ሰው ነው።

ደቡብ ፈረንሳይ የሚሠራው ኢተርም ያው ጥያቄ አለበት። የአውሮፓ ኅብረት፣ ቻይና፣ ሕንድ፣ ጃፓን፣ ኮሪያ፣ ሩሲያና አሜሪካ በአንድ ላይ የሚሠሩት ነው፤ በሌላ ጉዳይ የማይስማሙ አገሮች እዚህ አንድ ብሎን አብረው ያስራሉ። ዕቅዱ 50 ሜጋ ዋት ማሞቂያ ሰጥቶ 500 ሜጋ ዋት ማውጣት ነው፤ አሥር እጥፍ። አሁን ዕዳውን እናንሣ። 500 የተባለው ሙቀት ነው እንጂ ኤሌክትሪክ አይደለም፤ ተርባይን ቢገጠምለትና አንድ ሦስተኛው ቢወጣ ወደ 170 ሜጋ ዋት ይሆናል። ማሞቂያዎቹ ከሚወስዱት ኤሌክትሪክ ወደ ፕላዝማው የሚደርሰው ግማሹ ወይም ከዚያ በታች ስለሆነ ለ50ው ከ100 በላይ ይከፈላል። ማቀዝቀዣውና ሌላው ዕቃ ማሽኑ ሥራ በማይሠራበት ጊዜ እንኳ 110 ሜጋ ዋት ይፈልጋል፤ ፕላዝማው ሲነሣ ደግሞ ለ30 ሰከንድ ያህል እስከ 620 ይደርሳል። ደምሩት፤ ለወራሽ የሚተርፍ የለም። ደግነቱ ኢተር ተርባይን የለውም፤ የሚሠራው ለመማሪያ እንጂ መብራት ለመሸጥ አይደለም፤ ባለቤቶቹም አይደብቁትም።

620 ሜጋ ዋት ስንት እንደሆነ ለሚጠይቅ፣ ጎረቤታችንን ተከዜን ልጥራ። ዓሣው ሰቆጣ ገበያ የሚመጣልን፣ 188 ሜትር ከፍታ ያለው ያ ግድብ አራቱም ተርባይኖቹ ቢዞሩ 300 ሜጋ ዋት ነው። የኢተር የ30 ሰከንድ ጥማት ሁለት ተከዜ ያደርቃል። በጳጉሜ 2017 የተመረቀው ሕዳሴ 5,150 ስለሆነ ይችለዋል።

ይህን ሁሉ በጀመዓው ልጆች ፊት ወንድማችን በነጭ ሰሌዳ ጻፈው። ከዚያ ያለ ነዳጅ የሚዞረውን የማግኔት ጎማ ጎኑ ላይ ሣለና «በዓለም ምርጥ የሚባሉት ማግኔቶች ለመቆም ብቻ ይህን ያህል የሚያስከፍሉ ከሆነ፣ የዚህ ሰው ማግኔት ከየት አምጥቶ ነው የሚሰጠን?» አለ። ማግኔት ጎማውን ሲስብ የሰጠውን ሲለቅ መልሶ ይወስዳል፤ መሐል ላይ ፍትጊያ አለ፤ ጎማው ይቆማል፤ ቪዲዮው የሚቆረጠው ከመቆሙ በፊት ነው። ብሩ ለየባለቤቱ ተመለሰ። ሁሉም አልተደሰተም። አንዱ ልጅ «ኡስታዝ፣ እናንተ ተስፋ ታስቆርጣላችሁ» ብሎኝ ኮርፎ ሄዷል። ወላሂ ከልቤ ነው የምላችሁ፣ ነገሩ ተስፋ የሚያስቆርጥ አይደለም። አታላዩ የሚበደረው የእውነተኛውን ስም ስለሆነ፣ እውነተኛውን በልኩ ማወቅ ነው የሚበጀው።

ልኩ ይኸውና። ከፊውዥኑ ኃይል 80 በመቶው ቻርጅ በሌለው ኒውትሮን ይወጣል፤ ማግኔት አይዘውም፣ ግድግዳው ውስጥ ገብቶ ሙቀት ይሆናል፤ ተርባይን የሚያዞረው እሱ ነው። 20 በመቶው በሂሊየሙ ውስጥ ቀርቶ ፕላዝማውን መልሶ ያሞቃል። በኢተር ይህ 100 ሜጋ ዋት ነው፤ ከውጭ ከሚሰጠው 50 ሜጋ ዋት ሁለት እጥፍ። እሳቱ ራሱን ማንደድ ጀመረ ማለት ነው፤ ማሽኑ የሚሠራው ይህን ለማየት ነው። «ነዳጁ የባሕር ውሃ ነው፣ ነፃ ነው» የሚባለውም ግማሹ ነው እውነቱ። ዲዩተሪየሙ ከውሃ ይገኛል። ትሪቲየሙ ግን በ12 ዓመት ከጥቂት ወር ግማሹ የሚጠፋ ብርቅ ነገር ስለሆነ በማሽኑ ግድግዳ ውስጥ ከሊቲየም መመረት አለበት።

ጊዜውስ? ኢተር በ2024 ባወጣው አዲስ ዕቅድ ምርምሩን በ2034 ጀምሮ ሙሉውን ነዳጅ በ2039 ሊሞክር ነው። አሜሪካ ያሉት ደግሞ ከተለመደው ባነሰ ቅዝቃዜ በሚሠራ አዲስ ሱፐርኮንዳክተር በ2021 የ20 ቴስላ ማግኔት ሞክረው ተሳክቶላቸዋል፤ ማግኔቱ ሲበረታ ማሽኑ ማነስ ይችላል። ፈረንሳይ ዌስት የተባለው ቶካማክ በየካቲት 2025 ፕላዝማ 1,337 ሰከንድ ይዞ ቆየ፤ 22 ደቂቃ። ነዳጁ የሚቀጣጠል ዓይነት አልነበረም፤ ፔርሙሱ ግን ቆየ።

ከፈረንሳይ ወደ እኛ ሰማይ ልመልሳችሁ። በማግኔት የተያዘ ፕላዝማ ለማየት ማሽን አያስፈልግም፤ ከራሳችን በላይ አለ። ከ100 ኪሎ ሜትር ገደማ ጀምሮ ወደ ላይ ያለው ስስ አየር በፀሐይ ብርሃን እየተላቀቀ ፕላዝማ ይሆናል። የምድር ማግኔት ወገብ ደግሞ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል። የቂብላ ኮምፓሳችሁ መርፌ አውሮፓ ቢሆን ወደ መሬት ትደፋ ነበር፤ እዚህ ግን ጠፍጣፋ ማለት ይቻላል የምትተኛው ለዚህ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ከ1958 ገደማ ጀምሮ ይህን ማግኔት ይለካል፤ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም ይህን ሰማይ የሚያጠና ዋሸራ የሚባል ላቦራቶሪ አለ።

ከመግሪብ በኋላ የፕላዝማው የታችኛው ክፍል ይሳሳል፤ ጥቅጥቁ ከላይ ይቀራል፤ ከታች ደግፎ የሚይዘው አግድም የተዘረጋው የማግኔት መስመር ብቻ ነው። ዘይት ላይ ውሃ እንደማስቀመጥ ነው፤ ትንሽ ሲነካ ይገለበጣል። ስሱ ክፍል እንደ አረፋ እየፈላ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ወደ ላይ ይወጣል፤ የሳተላይት ምልክት በዚያ ውስጥ ሲያልፍ ይረበሻል፤ ጂፒኤስም ይዛባል። በመጋቢትና በመስከረም አካባቢ ይበረታል። የቶካማክ ሰዎች እንቅልፍ የሚያጡበት የፕላዝማ መገልበጥ የዚህ የቅርብ ዘመድ ነው። ወንድማችን ነገሩን ከነገረኝ ወዲህ ተማሪዎቹ የመስጂዱ ግቢ በር ላይ ቆመው ከመግሪብ በፊትና ከዒሻ በኋላ ስልካቸው የሚያሳየውን ቦታ በደብተር መጻፍ ጀምረዋል። መዛባቱ ከስልኩ ይሁን ከሰማዩ ለመለየት የብዙ ወር ደብተር ይፈልጋል፤ ኮርፎ የሄደው ልጅም አንደኛው ጻፊ ነው።

ወሰላሙ ዐለይኩም።